ከበረባሶዬ የተቆረጠው ፍሬን

ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ደፋር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እኔ ወርጃለሁ፤ ደፋር ግን አልነበርኩም። በዚያን ጊዜ በቡሬ ከተማ ከእኔ የባሰ ጉረኛ፣ ከእኔ ያነሰ አዋቂ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህን የምለው ራሴን ዝቅ አድርጌ ለመመስገን አይደለም፤ ነገሩን ስትሰሙት ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ዘመን ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ገና ወጀት ትባል ነበር። ስሜ ልየው ነው፤ የደምበጫ ገጠር ልጅ ነኝ። ዲቁና ተቀብዬ ቅኔ ቤት ገባሁ፤ ጉባኤ ቃና መቁጠር እንደ ጀመርኩ የጣሊያን መንገድ ሥራ ከነጓደኞቼ አፍሶ ወሰደኝ። አንድ በጋ ሙሉ ድንጋይ ተሸከምኩ። በዚያ በጋ የለቀምኩት ጣሊያንኛ አርባ ቃል ቢሆን ነው፤ ከአርባው ሠላሳው ስድብ ነው። አንድ ቀን አንዱ አለቃ እየጮኸ አንድ ነገር ሲጠይቅ ማንም ሳይገባው ቀረ። እኔ "ውኃ ነው የሚለው" አልኩ። እውነትም ውኃ ነበር። ያቺ ቃል ከድንጋይ ሥር አውጥታ ቡሬ ምሽግ አስገባችኝ። ቱርጁማን ሆንኩ፤ አስተርጓሚ ማለት ነው።

በአርባ ቃል እንዴት ይተረጎማል? ቅኔ ረዳኝ። ሰሙ ሲጠፋኝ ወርቁን ከራሴ እሞላ ነበር። ማርሻሎው፣ የምሽጉ አዛዥ ማለት ነው፣ ገበሬዎቹን ሰብስቦ እንጀራው እንደ ተነጠቀ ሰው ሲደነፋ ይቆይና ወደ እኔ ይዞራል። እኔም "እንደምን አደራችሁ ነው የሚሉት፤ አህዮቻችሁንም ከመንገድ መልሱ" እላለሁ። ሰዉ አህያውን መልሶ ይሄዳል። ማርሻሎው ደስ ይለዋል፤ ገበሬውም በሰላም ይበተናል። ሁለቱም ወገን ልየው አዋቂ ነው ይላል። በዚያ ላይ ከካሚዮን ጎማ የተሠራ በረባሶ አጥልቄ ነበር። አገሩ ሁሉ በባዶ እግሩ ሲሄድ እኔ ድንጋይ ላይ ቀጭ ቀጭ እያልኩ ስራመድ ራሴን እንደ ደጃዝማች እቆጥር ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ማርሻሎው አስጠራኝ። ክንዱ ተልጧል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጢሙ ውስጥ ገለባ ገብቷል።

"ፍሬኖ!" አለኝ። "ፍሬኖ ሮቶ!"

"ሮቶ" ማለት ተሰበረ ማለት ነው፤ አካፋ ሲሰበር ሲሉት እሰማለሁ። ፍሬኖ የሚባለውን ግን አላወቅሁትም። ከወታደሮቹ አንዱ መሆን አለበት፣ ወድቆ ተሰብሯል፣ ምናልባትም ሞቷል ብዬ ገመትኩ። ስለዚህ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ልቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው ደረቴን ዳሰስ አደረግሁና "ፖቬሮ ፍሬኖ" አልኩ። ምስኪን ፍሬኖ ማለቴ ነበር።

ማርሻሎው ገለባውን ከጢሙ ነቀለ። ከዚያ በክንዴ ይዞ ጓሮ ወሰደኝና ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ብስክሌቱን አሳየኝ። መሪው ላይ ካሉት ሁለት ብረቶች አንዷን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አደረጋት። ከሥሯ የተንጠለጠለው ሽቦ እንደ ሞተ እባብ ተወዛወዘ እንጂ ጎማው ዘንድ ምንም አልሆነም። ለካ ፍሬኖ ዛሬ ሁላችሁም ፍሬን የምትሉት ነው። ማርሻሎው ጠዋት ከምሽጉ ሲወርድ ብስክሌቱ አልቆምለት ብሎ ከገለባ ክምር ጋር ተላትሟል። ዕቃ የሚጠግነው ወታደር ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄዷል።

በአንድ እጁ መዳፍ ላይ በሌላው እጁ ቡጢ እየመታ የባለ እጅ ሥራ አሳየኝ። "አለ፣ አለ" አልኩት። ከዚያ ጣቱን ወደ ብስክሌቱ፣ ቀጥሎ ወደ ቁልቁለቱ፣ በመጨረሻ ወደ ደረቴ ቀስሮ "ዶማኒ፣ ፕሪማ ቱ!" አለና ሳቀ። ዶማኒ ነገ ነው። ፕሪማ መጀመሪያ፣ ቱ አንተ። ነገ የመጀመሪያው አንተ ነህ አለኝ ማለት ነው። ሹመት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ከጅረቱ ማዶ ወደ አያ ጀንበሬ ቤት ሄድኩ። አያ ጀንበሬ የአገሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰው በሥራቸው ያርሳል፣ በሥራቸው ያጭዳል፤ ቤታቸው ግን ውኃ አይጠጣም። ጠይብ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባል ነበር። እኔም በቅኔ ቤት ብልኅ የተባልኩት ሰውዬ፣ ክታቤን አንገቴ ላይ ደህና መታሰሩን ዳስሼ፣ ጋቢዬን አፍንጫዬ ድረስ ተከናንቤ ነው ደጃቸው የቆምኩት።

"አንተ ባለ እጅ!" አልኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው "አንተ" አልኳቸው። ዛሬ ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይቃጠላል።

"እንደምን ዋሉ ዲያቆን" አሉኝ ከወናፉ ቀና ብለው። "ይግቡ። ውኃ ይቅመሱ።"

"ጾም ላይ ነኝ።"

"ዛሬ ሐሙስ አይዶለም?" አለች አንዲት ድምፅ ከውስጥ። "የሐሙስ ጾም መች ታወጀ? እኛ ከጅረት ማዶ ስለሆን ወሬ ይዘገይብናል።"

ልጃቸው የዝና ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ በሸክላ ጭቃ ተለውሷል። ለእኔ "አንቱ" እያለች ታወራለች፤ የዚያች ልጅ አንቱታ ግን ከስድብ ይቆረቁራል።

ብስክሌቱን አስረክቤ፣ እስከ ነገ ቀትር ድረስ መጠገን እንዳለበት ተናግሬ ሳበቃ፣ ዝም ብል ምን ነበረበት? ስለ ሹመቴም ነገርኳቸው።

የዝና እጇን እየጠረገች ወጣች። "እስኪ ሲናገር እጁ ወዴት ወዴት ሄደ?"

"ወደ ብስክሌቱ። ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ። ከዚያ ወደ ደረቴ።"

አባትና ልጅ ተያዩ።

"ዲያቆን" አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይህ ሹመት አይዶለም። ፍታት ነው። ነገ ቁልቁለቱ አናት ላይ እዚህ ነገር ላይ አስቀምጦ ሊለቅዎ ነው። ከቆመ እሱ ይወጣበታል። ካልቆመ እሱ ተረፈ።"

የምሽጉን ቁልቁለት ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። በቀጥታ ገበያው ውስጥ ይወርዳል፤ ከገበያው ጫፍ ደግሞ ገደል አለ። አጠገቤ የነበረ የቆዳ ክምር ላይ ዘፍ አልኩ።

ቆዳው ጎረበጠኝ። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። ክብ ነው፣ ረጅም ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር።

ወናፉ ዝም አለ። አያ ጀንበሬ ጉጠታቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። የዝና በሩን ዞር ብላ አየች። በዚያ ዘመን በዱር ላሉ አርበኞች ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ከተገኘ ገበያ መሐል እንደሚሰቀል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ የጣሊያን ቱርጁማን ነኝ። የእኔ ሕይወት በእሳቸው እጅ ገባ፤ የእሳቸውም በእኔ አፍ። ይህን ያሰብኩት እዚያው ቆዳው ላይ እንደ ተቀመጥኩ ነው።

አያ ጀንበሬ ቀስ ብለው ተናገሩ። "ቆዳው ገና አልለፋም ዲያቆን። የተቀመጠበትን ይጎረብጣል።"

ቅኔ ቤት የቆየሁበት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ላይ ዋለ። "ይጎረብጣል" አልኩ፤ "ግን ቆዳ ነው። እኔ ቆዳ እንጂ ሌላ አላየሁም።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁና ብስክሌቱን ገልብጠው መሬት ላይ አቆሙት። በዚያው ሥራ ተጀመረ።

ሽቦው ጫፉ ዘንድ ተበጣጥሶ እንደ አሮጌ ገመድ ተንጨባሯል፤ መጨበጫዋ ውስጥ የምትቀረቀረው ራሱም ወልቃ ጠፍታለች። አያ ጀንበሬ የተንጨባረረውን ቆረጡ። ሽቦው አንድ አውራ ጣት ያህል አጠረ። "ሥጋው ካጠረ ቆዳውም ይጠር" አሉና ሽቦው የሚሄድበትን ሽፋን በዚያው ልክ ቆርጠው አሳጠሩት። ቀጥሎ ለሽቦው አዲስ ራስ ያስፈልጋል። ከአንዲት ትንሽ ከረጢት ባዶ የጥይት ቀለህ አወጡ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀለሁን በሞረድ ቆርጠው እንደ ዶቃ አደረጉት፤ የሽቦውን ክሮች በውስጡ አሾልከው ጫፋቸውን እንደ አበባ በተኑ፤ ቆርቆሮ አቅልጠው አፈሰሱበት። ሲቀዘቅዝ በጉጠት ጎተቱት። አልወጣም።

"አሁን ቸርኬውን፣ የጎማውን ብረት ማለቴ ነው፣ የሚነክሰው ላስቲክ በፊትም በኋላም አልቋል" አሉ። "ጎማ ይፈልጋል። ጎማ ኸየት ይመጣል?"

የዝና ወደ መሬት አየች። የምታየውን እኔም አየሁና እግሬን ሰበሰብኩ።

"አይሆንም" አልኩ።

"ይሁን" አለች። "ግን ሬሳ በረባሶ አጥልቆ ሲቀበር አይተው ያውቃሉ?"

የሁለቱም በረባሶ ተረከዝ በዚያች ቅጽበት ተቆረጠ። አራት ቁራሽ ወጣው። አያ ጀንበሬ በሞረድ እየላጉ ልክ ሲያስገቡት ልጄ ሲገረዝ የማይ ያህል ተሰማኝ።

ከሁሉ የከበደው ግን ማስተካከሉ ነበር። መጀመሪያ ሽቦውን ሲወጥሩት ላስቲኩ ቸርኬውን ሙጭጭ አድርጎ ጎማው አልዞር አለ። ሲያላሉት ደግሞ መጨበጫዋ መሪው ድረስ ተጣጥፋ ጎማው ግን መዞሩን አላቆመም። አያ ጀንበሬ ብሎኗን በጥፍር ልክ ያዞራሉ፤ የዝና ጎማውን ታሽከረክርና ጆሮዋን ታስጠጋለች። "በግራ በኩል ይልሳል" ትላለች። ደግሞ ይዞራል። "አሁን በቀኝ።" ላስቲኩና ቸርኬው መሐል የስንዴ ቅንጣት የምታልፍ ክፍተት እስኪቀር ድረስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ፤ ስትጨብጠው ቀጥ አለ።

ከዚያ የዝና ግቢያቸው ውስጥ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጠችኝና ከኋላ እየያዘች ገፋችኝ። ስንት ጊዜ እንደ ወደቅሁ አልነግራችሁም። በመጨረሻ ብስክሌቱን ወስዳ እየገፋች ድንገት የፊተኛውን ጎማ መጨበጫ ጨበጠች። የኋላው ጎማ እንደ ደነገጠች በቅሎ ሽቅብ ተነሣ።

"አዩ? የፊቱን ብቻ ከያዙ በአናትዎ ነው የሚሄዱ። የኋላውን ያስቀድሙ፤ የፊቱን አለስልሰው ያስከትሉ።" ከቀሚሷ ጥለት ቀይ ክር መዝዛ የኋላው መጨበጫ ላይ አሰረች። "ግራና ቀኝዎን ቢረሱ እንኳ ይህን ይዩ።"

ልሄድ ስል ጥርጣሬ ገባኝ። ይህች ልጅ የነገረችኝ የተገላቢጦሽ ቢሆንስ? ነገ ብሞት ጠመንጃውን ያየ ዓይን ተዘጋ ማለት ነው። ጠየቅኋቸው። "ለምን ታድኑኛላችሁ?"

"እኔ ሥራ አበላሽቼ አላውቅም" አሉ አያ ጀንበሬ፤ ትንሽም የተቀየሙ መሰሉኝ።

የዝና ግን ሳቀች። "አንቱ ቢሞቱ ሌላ ቱርጁማን ይመጣል። እሱ ደግሞ ጣሊያንኛ የሚችል ቢሆንስ?"

በማግስቱ ቀትር ላይ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምኩ። ገበያው ከታች እንደ ንብ ይተማል። በባዶ እግሬ ነኝ። ማርሻሎው "ፕሪማ ቱ!" አለና በጀርባዬ ገፋኝ።

የመጀመሪያው ጥቂት ክንድ ደስ ይላል። ከዚያ ነፋሱ ጋቢዬን ነጠቀኝ። መሬቱ ከሥሬ መሸሽ ጀመረ። ጠጠሩ ይዘላል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ገበያተኛው እየጮኸ ግራና ቀኝ ተከፈለ። መሐል ላይ አንዲት ገብስ የተጫነች አህያና አንዲት አሮጊት ብቻ ቀሩ። ግራና ቀኜ እንደ ተፈራው ጠፋብኝ። ዓይኔ ቀይ ክር ፈለገ፤ አገኘው።

ጨበጥኩ።

ብስክሌቱ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ጅራቱ ወዲያና ወዲህ ተወናጨፈ። በስሱ የፊቱን አስከተልኩ። ፍጥነቱ ረገበ፣ ረገበ፣ ከአህያዋ አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ምነው ልጄ፣ በእግርህ ብትመጣ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ማርሻሎው እየሮጠ ደረሰ። "ብራቮ!" እያለ መጨበጫውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ፤ ላስቲኩን ዳሰሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሽቦውን ራስ አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ጠፋ። ቀለህ መሆኑን አወቀ።

"ካርቱቻ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኢል ፋብሮ?"

አልተሳሳትኩም። ጥይት ነው፤ ከቀጥቃጩ ነው ወይ? ነው የሚለኝ። ቱርጁማን ከሆንኩ ጀምሮ ያለ ቅኔ በትክክል የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው። ቤቱ ይፈተሻል፤ ቆዳው ይነሣል። ከዚያ ገመዱ።

ከአርባዎቹ ቃላት ውስጥ የሚያድን ፈለግሁ። ሠላሳው ስድብ መሆኑ ያኔ ጠቀመኝ። ደረቴን መታሁ። "ኢዮ" አልኩ፤ እኔ ማለት ነው። ወታደሮቹ ዒላማ የሚለማመዱበትን፣ ቀለህ እንደ ባቄላ የተበተነበትን ሜዳ በጣቴ አሳየሁ። "ኢዮ ላድሮ።" እኔ ሌባ።

ከዚያ ሜዳ አንዲት ቀለህ እንኳ ማንሳት ክልክል ነበር። ማርሻሎው ዓይኔን አየ። ቁልቁለቱን ስወርድ ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ። ወደ ታች ባዶ እግሬን አየ፤ ላስቲኮቹን አየ፤ ደግሞ እግሬን አየ። የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ በቀኝ ጉንጬ አንድ፣ በግራ ጉንጬ አንድ አቀመሰኝና በእጁ ወደ ገጠሩ መንገድ አመለከተ። ቱርጁማንነቴ በሁለት ጥፊ ተፈጸመ። እሱ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ እየጨበጠና እየለቀቀ ሄደ።

ዞሬ ዞሬ ከሰዓት በኋላ ጅረቱን ተሻግሬ አያ ጀንበሬ ደጅ ስደርስ ወናፉ እየነፋ ነበር። ጋቢ የለኝ የምከናነበው፤ ቢኖረኝም አልከናነብም ነበር።

"አባቴ እንደምን ዋሉ" አልኩ። "ውኃ ይስጡኝ።"

የዝና በሩ ላይ ብቅ አለች። ጉንጬን አየች። ገበያ የዋለ ጎረቤት ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል፤ ዓይኗ ቀልቷል። አፏ ግን አልተለወጠም። "ዛሬማ ዓርብ ነው። ጾመኛ አይዶሉም?"

"ዘጠኝ ሰዓት አልፏል" አልኩ።

ውኃ አመጣችልኝ፤ ቀጥላ የባቄላ ንፍሮ አመጣችልኝ። በላሁ። ምንም አልሆንኩም። ጠግቤ እንኳ ጨመሩልኝ።

እዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ ወናፍ ነፋሁ፣ ቀጥሎ ሞረድ ያዝኩ። የቆዳው ክምር ሥር ያለው ነገር እየተጠገነ ሲወጣና ሌላ ሲተካ አላየሁም፤ አንዳንዴ ግን የማላየውን ነገር እይዝላቸው ነበር። በዓመቱ ከአያ ጀንበሬ ፊት ተንበርክኬ ልጃቸውን ጠየቅሁ። እሳቸው እሺ አሉ። የዝና "በአርባ ቃል ትዳር ይያዛል?" ብላ ሦስት ወር አስጠበቀችኝ። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደውን የተሰባበረ ብስክሌት ሰብስበን ወጀት ገባንና ቤታችን በረንዳ ላይ ፍሬን ማስተካከል ጀመርን። እኔ ብሎን አዞራለሁ፤ እሷ ጆሮዋን አስጠግታ "በግራ ይልሳል" ትላለች። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚህ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አልተማርኩም። ስለ ሰው የሰማሁትን ሁሉ ትቻለሁ ብልም እዋሻችኋለሁ፤ ክፉ ልማድ እንደ አሮጌ ሽቦ ነው፣ ተቆርጦም ጫፉ ይወጋል። የልጄን ትኩሳት ሳይ እጄ ሳላስበው ክታብ ፍለጋ የሄደበት ቀን አለ፤ የዝና አይታኝ ምንም ሳትል ወጣች። ያን ቀን ከጥፊው ይልቅ አመመኝ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሕይወቴን ለሰው እጅ ሰጥቼ ያን ሰው መናቅ አልቻልኩም። እናንተም የምትንቁት ሰው ካለ የሠራውን ነገር ይዛችሁ አንድ ቁልቁለት ውረዱ።

እናቴ ነገሩን የተቀበለችው ዘግይታ ነው። መጋባታችንን ስትሰማ "ልጄን ቡዳ በላብኝ" ብላ ማቅ ለበሰች። አምስት ዓመት ደጃችንን አልረገጠችም። በስድስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ከደምበጫ በእግሯ መጥታ በረንዳው ጥግ ቆመች። በነጠላ የጠቀለለችውን የማረሻ ብረት ለየዝና ዘረጋችላት። "ላሳስለው ነው የመጣሁ" አለች። "ሌላ ጉዳይ የለኝም።"

ማረሻው በዚያው ቀን ከቀትር በፊት ተሳለ። እናቴ አሥራ አራት ቀን ተቀመጠች። አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን አስከትላ፣ የየዝናን ወጥ ጨው አነሰው እያለች ድስቱን ጠርጋ እየበላች ከረመች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ተሰነባብተን ስትሄድ ማረሻው በረንዳው ላይ ቀርቶ አገኘሁት። ልከተላት ብድግ ስል የዝና ክንዴን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች። "ረስታው አይዶለም።"